ማንም ያላገለላቸው ሰዎች

ጥሩሸዋ ዳኜ ከእኔ ጋር ቢሮ የምትጋራ የእርሻ ኮሌጅ መምህርት ናት። ቢሮአችን ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና በደረቀ የገብስ ዘለላ የተሞላ ካርቶን አለ። ካርቶኑ የእሷ ነው። አይጥ እንዳይገባበት ከላይ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ድንጋዩም የእሷ ነው። ስታወራ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የምትለው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ለመለየት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁንም አንዳንዴ እሳሳታለሁ።

የዶክትሬት ትምህርቷን እንዴት እንደጀመረች የነገረችኝ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነው። እኛ ጋ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ታሪኩን በደንብ አውቀዋለሁ።

የተወለደችው ግሼ ውስጥ፣ ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቷ ጋሽ ዳኜ ቀጥቃጭ ናቸው። የአገሬው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ከእሳቸው እጅ ይወጣል። ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ደጅ ላይ ቆሞ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ዕቃውን ይቀበላል፤ "እጅዎን ይባርከው" ብሎ ይመርቃል። "ግባና እህል ቅመስ" ሲሉት ግን ሁልጊዜ የሚቸኩልበት ጉዳይ አያጣም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ወሬ በዚያ አገር ከጥንት ጀምሮ አለ። ይህን ማንም ለጋሽ ዳኜ ፊት ለፊት ነግሯቸው አያውቅም። የግሼ ሰው ጨዋ ነው። ብቻ እሳቸው በር ላይ ሲደርስ ይቸኩላል።

ጥሩሸዋ ትምህርት ቤት ስትገባ ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። "ለጽሕፈት ይመቻል" ትላለች። ክርኗን እንደልቧ ዘርግታ እየጻፈች ስምንተኛ ክፍልን አለፈች። መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ደረጃውንና መሰናዶውን ጨረሰችና ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ስላልነበረ ሰው አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ጠበባት።

ሁለተኛ ዲግሪዋን በሰብል ጥበቃ ይዛ ኮሌጃችን ተቀጠረች። ጥቂት ዓመታት እንዳስተማረች አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀበላት። ልታጠና የፈለገችው ዋግን ነበር፤ የገብስን ቅጠል ዝገት መስሎ የሚያለብሰውን በሽታ። ኮሌጁ የትምህርት ፈቃድና መልካም ምኞት ሰጣት። ለቤተ ሙከራና ለመስክ ሥራ የሚሆን ግን ከመልካም ምኞቱ ሌላ የሚሰጠው አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ወጪዋን የሚችልላት ካላገኘች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ በትሕትና ነገራት።

በዚህ መሐል የተተኪ መምህራን ፈንድ የሚባል ድርጅት ማስታወቂያ አወጣ። ፈንዱ የሚረዳው ከማኅበረሰቡ ተገልለው ከኖሩ፣ በኮሌጅ መምህራን መካከልም እምብዛም ከማይገኙ ወገኖች የወጡ የዶክትሬት ተማሪዎችን ነው። ተማሪው ሲጨርስ እርዳታ ባገኘበት ዘመን ልክ ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ግዴታው ነው። ጥሩሸዋ ማስተማር ስለምትወድ ይህ እንደ ቅጣት አልታያትም። አዲስ አበባ ደወለች። ስልኩን ያነሱት ወይዘሮ ጽናት የሚባሉ የፈንዱ ሠራተኛ ነበሩ።

"የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ" አለቻቸው።

"ጥሩ" አሉ ወይዘሮ ጽናት። ከዚያ ጥሩ ማለታቸው ልክ መሆኑን የተጠራጠሩ መሰሉ። "ማለቴ፣ ፈንዱ እንደርስዎ ያሉትን ነው የሚፈልገው። የተወለዱበት አካባቢ ቀጥቃጮች የተገለሉ ናቸው?"

"ናቸው።"

"ይህን ማን ያረጋግጥልናል?"

"ያገለሉን ሰዎች ይሆናሉ።"

"እነሱ ካመኑማ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም" አሉ። "የቀበሌ ማኅተም ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል።"

ጥሩሸዋ በነጋታው ወደ ራቤል ተሳፈረች።

የቀበሌው ሊቀመንበር አንዷለም ይባላል። አብረው ነው የተማሩት፤ ከእሷ ፊት ያለው ዴስክ ላይ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ተጨናንቆ ይቀመጥ ነበር። ቢሮው ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ መንገዱ ጠየቃት። የመጣችበትን ስትነግረው ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጥሩዬ፣ እኛ ቀበሌ የተገለለ ሰው የለም" አላት። "ባለፈው ወረዳው ሲጠይቀን ዜሮ ብለን ሪፖርት አድርገናል።"

"አባቴ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?"

"ሥራ ይበዛብኛል።"

"ከመሾምህ በፊትስ?"

"ያኔ ተማሪ ነበርኩ" አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ወደ ራሱ ጠጋ አደረገው። "ስሚኝ፣ እኔ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ወረዳው ምን ይለኛል? 'አንተ ባለህበት ሰው ይገለላል እንዴ?' ነው የሚለኝ። ድሃ ናት ብዬ ልጻፍልሽ። በድህነት በኩል ምንም ችግር የለብንም።"

"ድሃ አይደለሁም። ደመወዝተኛ ነኝ።"

"እሱም እውነት ነው" አለ አንዷለም እያዘነ።

ከቢሮው ወጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። አባቷ እሳት የሚያናፉበትን ወናፋቸውን እየጠገኑ ነበር፤ እናቷ ጌታነሽ ደግሞ አጠገባቸው ሱፍ ትፈትላለች። ነገሩን ስትነግራቸው ጋሽ ዳኜ ከአንዷለም ይልቅ ተቆጡ።

"ማን ነው የተገለለው?" አሉ። "እኔን ማንም አልጠላኝም። የእኔን ማረሻ ያልያዘ ገበሬ እዚህ አገር አለ? ቤቴ መቀመጥ ስለምወድ ነው እንጂ!"

"አባትሽ እውነቱን ነው" አለች ጌታነሽ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል። "ሰው ቤት ተጠርቶ እምቢ ያለበት ቀን የለም። የጠራው የለማ።"

ጋሽ ዳኜ ወናፉን አናፉ፤ የጠገኑት ቦታ አሁንም ያፈስ ነበር።

ጥሩሸዋ ያን ቀን አለቀሰች ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። "አይ፣ ደክሞኝ ነበር" ነው ያለችኝ። የገረማት የሊቀመንበሩ እምቢታ አልነበረም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ላይ ቆመው የሸኟቸውን ሰዎች እንደዚያ አጥብቀው መከላከላቸው ነው ያልገባት።

አንዷለም ግን ነገሩን አልረሳውም። ሊቀመንበርነቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴም እሱ ነው፤ ማለትም የማኅበሩ መሪ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሚካኤል ቀን ተራ በተራ እየደገሱ ጽዋ ይጠጣሉ። ጋሽ ዳኜም አባታቸውም በዚያ ማኅበር ገብተው አያውቁም። አልተከለከሉም። ቦታ ሲገኝ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞ ይገኛል እንጂ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዷለም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና የጋሽ ዳኜ ደጅ ላይ ቆመ።

"ግቡ" አሉ ጋሽ ዳኜ።

"እንቸኩላለን" አለ አንዷለም። "አንድ ማኅበርተኛ ዐርፈውብናል፤ ነፍስ ይማር። በእሳቸው ቦታ እርስዎን አስገብተናል። የግንቦት ተራ የእሳቸው ስለነበር ለግንቦት ሚካኤል እርስዎ ይደግሳሉ።" ከዚያ ወደ ጥሩሸዋ ዞረ። "ተገለሉ የሚል ካለ እንግዲህ ይኸው።"

ጋሽ ዳኜ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "እስቲ ላስብበት" አሉ። ሰዎቹ ጥቂት እንደራቁ ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ "ብቅሉ ይደርሳል?" ብለው ጠየቁ።

ጥሩሸዋ ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጥታ ወይዘሮ ጽናት ጋ ደወለች።

"ደብዳቤው እንዴት ሆነ?" አሏት።

"አልተጻፈም። አባቴን ማኅበር አስገቧቸው።"

"ውይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን።"

"ታዲያ እንዲህ ከሆነ" አሉ ወይዘሮ ጽናት ቀስ ብለው፣ "አሁን የተገለላችሁ አይደላችሁም ማለት ነው?"

"ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አይደለንም።"

"የፈንዱ መመሪያ እንዲህ ያለውን አላሰበበትም" አሉ ወይዘሮ ጽናት። በወረቀት ላይ አንድ ነገር ሲጭሩ ይሰማል። "ማመልከቻ የምንዘጋው በግንቦት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ የሆነውን አይተው ይደውሉልኝ። ምን እንደምመክርዎት አላውቅም።"

የግንቦት ሚካኤል ሲቃረብ ጥሩሸዋ ከኮሌጅ ፈቃድ ጠይቃ እንደገና ሄደች። ጋሽ ዳኜ ሥራ አቁመው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፋቸውን፣ መዶሻቸውንና ወናፋቸውን ከቤት ጀርባ ወስደው በሰሌን ሸፍነዋቸዋል፤ ግድግዳውን ለስነውታል። ጌታነሽ ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ዳቦ ደፍታለች። ለእንግዶቹ የሚሆን ብርጭቆ ከመሐል ሜዳ እንዲገዛ ያዘዘችው እሷ ናት። ጥሩሸዋ ብርጭቆዎቹን ልታጥብ ስትል እናቷ ከለከለቻት። እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነበር።

"አትላጪው" አለቻት። "ማንም እንዳልጠጣበት ይዩት።"

ጥሩሸዋ ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ስትነግረኝ መብራት መጥቶ ነበር፤ ታሪኩን ግን አላቋረጠችም።

ማኅበርተኞቹ ሁሉም መጡ። የቀረ አልነበረም። ጎንበስ እያሉ ገቡ፤ የግድግዳውን ልስን አመሰገኑ፤ መደብ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከእነሱ ብዙዎቹ ያን ቤት ከውስጥ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ስለሆነ ጣራውን አተኩረው ተመለከቱ። ጣራው እንደነሱ ጣራ ነው። ቄስ አትናቴዎስ ጸሎት አደረሱ፤ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ጠላውንም ባረኩና መጀመሪያ ራሳቸው ጠጡ። ከዚያ ጥሩሸዋ ወረቀት በተለጠፈባቸው ብርጭቆዎች ለሁሉም ቀዳች።

ያን ጊዜ ማኅበርተኞቹን አንድ ድንገተኛ የጤና እክል ያዛቸው።

የመጀመሪያው ጉሮሮውን አመመው። አጠገቡ ያለው ኪኒን ስለጀመረ መጠጥ እንዳይቀምስ ጤና ጣቢያ እንዳዘዘው ተናገረ። ሦስተኛውም ኪኒን ጀምሮ ነበር። አንዱ ሰውዬ ጾም ላይ መሆኑን ገለጸ።

"በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም እኮ" አሉት ቄስ አትናቴዎስ።

"የስእለት ነው፣ አባ።"

አንዷለም ጨጓራውን ደግፎ፣ "እኔንማ ጨጓራ ፈጀኝ" አለ። ሁሉም ብርጭቆውን በእጁ ይዟል። ሁሉም ጠላው ጥሩ መሆኑን በቀለሙ መስክሯል። ዳቦውን ደግሞ "ለልጆች" እያሉ በየኪሳቸውና በየጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። በኋላ እንደታወቀው የዚያን ቀን የመንገዱ ውሾች ጠግበው አደሩ።

ጋሽ ዳኜ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ዕለቱን ሙሉ አልተቀመጡም። ጌታነሽ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ትዞራለች፤ የጎደለ ብርጭቆ ስላላገኘች ግን አንድም ጠብታ አልጨመረችም።

ከማኅበርተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ኮከቤ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ጥግ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆአቸውን በዝግታ ጨረሱት፤ ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጡት፤ ባዶውንም ለጌታነሽ ዘረጉ። ጆሯቸው ስለሚከብድ የሚናገሩት ጮክ ብለው ነው።

"ድገሚኝ" አሉ። ጌታነሽ ቀዳችላቸው። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። "ምነው እናንተ አትጠጡም? ቡዳውን ፈርታችሁ ነው?"

ይህ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ በእንግዳ አፍ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ሰውዬ ሳል ያዘው። ሌሎቹ መሬቱን ተመለከቱ።

"እኔን የሚበላ ቡዳ የለም" ቀጠሉ እማማ ኮከቤ። "ሥጋ አልቆብኛል። አንተ ዳኜ፣ ልትበላኝ ነው?"

ጋሽ ዳኜ ከበሩ አጠገብ አዩአቸው። ልጃቸው እንደነገረችኝ ሊቆጡ ነው ብላ ሰግታ ነበር።

"እማማ ኮከቤ" አሉ ጋሽ ዳኜ በመጨረሻ፣ "እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎን በልቼ አልጠግብም።"

ቄስ አትናቴዎስ ጠላ እየጠጡ ስለነበር በአፍንጫቸው ወጣ። እሳቸው ሲስቁ እማማ ኮከቤም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ሳቁ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ጋሽ ዳኜም ተቀመጡ። ስእለት ያለበት ሰውዬ ብርጭቆውን አንሥቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፤ ትንሽ ጠብቆ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ሁለተኛ ጊዜ ተጎነጨ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ቀመሱ። ኪኒን የጀመሩት ግን ሁለቱም በሐኪሙ ትእዛዝ ጸኑ። አንዷለም ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ሲያወርደው ያው ሙሉ ነበር።

ሲጨልም ጽዋውን የሰኔው ባለ ተራ ተረከበና ሁሉም ተመራርቀው ተለያዩ። ጌታነሽ ሞልተው ከተተዉት ብርጭቆዎች ጠላውን አንድ በአንድ ወደ ጋን መለሰች። አላለቀሰችም፤ "ጠላው ለነገም ይሆናል" አለች። ጋሽ ዳኜ ደግሞ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። "አየሽ" አሏት ልጃቸውን፣ "ከቄሱ ሌላ አራት ሰው ጠጣ።"

በማግሥቱ ጠዋት አንዷለም ልጅ ልኮ ጥሩሸዋን አስጠራት። ቢሮው ስትደርስ ደብዳቤ መጻፊያ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላያትም።

"ጨጓራ የለብኝም" አላት።

"እንኳን ደስ ያለህ።"

"ልጠጣው ፈልጌ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ተምሬያለሁ፣ ስብሰባ ላይ 'ልዩነት የለም' እያልኩ የማወራው እኔ ነኝ። ግን አልወርድ አለኝ።" እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አደረገ። "በይ ንገሪኝ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"

ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አንዷለም "በድሮ ዘመን የተገለሉ የነበሩ" ብሎ ጀመረ። ጥሩሸዋ "ድሮ" የሚለው እንዲወጣ ጠየቀች፤ ፈንዱ የሚረዳው የድሮ ሰው አይደለም። "እስካሁን የተገለሉ" የሚለውን ደግሞ አንዷለም አልተቀበለም፤ ወረዳው አለ። በመጨረሻ "እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ" በሚለው ተስማሙ።

"ቅርብ ጊዜ ማለት መቼ ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?" አለ።

"ትናንት በላቸው።"

አንዷለም ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ መታው። ወደ ቤት ወስዳ ደብዳቤውን ለአባቷ አነበበችላቸው። ጋሽ ዳኜ ሁለት ጊዜ አስነበቧት።

"ይህን ያየ ከማኅበሩ ያስወጣኛል?" አሏት።

"አያስወጣዎትም። የጻፈው ራሱ ሙሴው ነው።"

"እንግዲያስ ውሰጂው" አሉ። "ግን ለሰፈር ሰው አታሳይ። ቅር ይላቸዋል።"

ፈንዱ በሰኔ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ወይዘሮ ጽናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። አንደኛው ጠያቂ ማመልከቻዋን ካገላበጡ በኋላ የቤተሰቧ ሙያ ብረት ሆኖ ሳለ ስለ ገብስ ማጥናቷ እንደገረማቸው ተናገሩ። ስለ ባህላዊው የብረት ሥራ ብታጠና ለፈንዱ ዓላማ ይበልጥ አይስማማም ወይ ሲሉም ጠየቋት።

"ማረሻው ቢዝግ አባቴ ያድሱታል" አለቻቸው። "ገብሱ ሲዝግ ነው የሚያድሰው የጠፋው።"

ጠያቂው ይህን ቀልድ ነው ወይስ መልስ ብለው ጓደኞቻቸውን አዩ። ጓደኞቻቸውም አላወቁም። በሐምሌ ፈንዱ እንደተቀበላት ተነገራት።

የመስክ ሥራዋን የጀመረችው እዚያው ግሼ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ማስረዳት የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። የሰብል በሽታ የሚያጠና ሰው ዋና ሥራው ማየት ነው። ገብሱ መሐል ገብቶ ይንበረከካል፤ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይዞ አፍጥጦ ያየዋል፤ ምን ያህሉ እንደታመመ ይመዘግባል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅጠል ያልፋል። ይህ ሥራ የቀጥቃጭ ልጅ በሆነች ሴት፣ ቡዳ በሚፈራበት አገር፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሚበላው ገብስ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ማሳቸውን ቀድመው የፈቀዱላት ቄስ አትናቴዎስ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ገበሬ ግን ከማሳው ዳር ቆሞ ብዙ አመነታ።

"ጥሩዬ፣ ማየቱ የግድ ነው?" አላት።

"የግድ ነው።"

"ከሩቅ ቢሆንስ?"

"ከሩቅ ሁሉም ገብስ ደህና ነው።"

ጥቁር መነጽር ካደረገች ትግባ ብሎ ተስማማ። እሷም ከደብረ ብርሃን ጥቁር መነጽር ገዝታ መጣች። በመነጽሩ ስታየው ግን የታመመውም ያልታመመውም ቅጠል አንድ ዓይነት ሆነባት። ስለዚህ ገበሬው ወደ በጎቹ ሲዞር መነጽሩን ወደ ግንባሯ ታወጣዋለች፤ ወደ እሷ ሲዞር ታወርደዋለች። ከሥራው ይልቅ ይሄ አድክሟት እንደነበር ነው የምትናገረው። በኋላ ገበሬው ራሱ ሰለቸውና "ተይው፣ አውልቂው፣ ያደናቅፍሻል" አላት።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከባድ በረዶ ጣለ። ያየችውንም ያላየችውንም ማሳ እኩል አጨደው፤ ሊያስገቧት እምቢ ያሉት ሰዎች ገብስ እንዲያውም ባሰ። ለጥናቱ ይህ ትልቅ ጉዳት ነበር፤ የዓመት ድካሟ ነው የጠፋው። ለስሟ ግን እጅግ ጠቀማት። በሦስተኛው ዓመት ማሳዬን እይልኝ የሚላት ሰው ከሚያስፈልጋት በላይ ሆነ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ መድረስ ባልቻለችባቸው ሳምንታት እንኳ አንዳንዶቹ የታመመ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ተሳፋሪ በተገኘ ቁጥር ይልኩላት ነበር።

በቀጠሮዋ አልጨረሰችም፤ በረዶውና መንገዱ ዘመኑን አራዘሙት። ፈንዱ እንዲታገሣት የለመኑላት ወይዘሮ ጽናት ናቸው። ጥናቷን ያቀረበች ዕለት ጋሽ ዳኜ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከፊት ተቀምጠው፣ ስለ ዋግ የተባለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አዳመጡ። ሲያልቅ ፈታኞቹን አንድ በአንድ እየጨበጡ አመሰገኑ፤ የሚቸኩል አልነበረም። ጌታነሽ በጎቹን የሚያይ ስለጠፋ አልመጣችም። "ያው ነው፣ እኔ ስትወለድ ነበርኩ" አለች አሉ።

ማኅበሩ እንደቀጠለ ነው። ጋሽ ዳኜ በሌሎች ቤት ሲሄዱ ይቀመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ። በእሳቸው ተራ ከሚመጡት አብዛኞቹ አሁን ይጠጣሉ። አንዷለም ሁለት ዓመት ፈጅቶበት ጠጣ። ኪኒን ከጀመሩት ሁለቱ አንደኛው አቋርጧል፤ ሌላኛው እስካሁን አልተሻለውም።

ዶክተር ጥሩሸዋ የፈንዱን ግዴታ ልትፈጽም ወደ ኮሌጃችን ተመልሳ እያስተማረች ነው። የደመወዝ ማስተካከያዋ ገና አልመጣም፤ ደብዳቤው በሂደት ላይ ነው ይባላል። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቿን ይዛ ወደ መርሐቤቴ ለመስክ ጉብኝት ሄዳ ነበር። ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት ቆመ። ሌላ ጎማ እስኪመጣ ድረስ ተማሪዎቹን መንገድ ዳር ካለ ማሳ አስገብታ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ ቅጠል ስታስቆጥራቸው ዋለች። ከተማሪዎቹ አንዷ ተመልሳ ስትነግረኝ ጉብኝቱ የተጀመረው እዚያ ነው ብላ የምታስብ ትመስላለች፤ ጎማው ተቀይሮ እንኳ ማንም ከማሳው እንዳልወጣና አውቶቡሱ ጥሩምባ እየነፋ እንደጠበቃቸው ነገረችኝ።